ሸምሱ ያጠበው ሻጋታ

ሸምሱ የሐርቡ ሰው ነው፤ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ፣ አባያ የሚባለው የሴቶች ጥቁር ልብስ በሚቀለምባት በአንዲት ቤት ይሠራ ነበር። ሥራው የተጠቀሙበትን ጥቁር ውኃ መድፋት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ያለው ውኃ ከለቀቃችሁ ቤቱን አሽገዋለሁ ባለ ጊዜ ራሱን መሐንዲስ አድርጎ ሾመ።

የሾመው በስልኩ ያየው አጭር ቪዲዮ ነው። የሞተ ሻጋታ የጨርቅ ቀለም ከውኃ ውስጥ ስቦ ይይዛል ይላል፤ እውነት ነው። ሸምሱ ግን በልቶ የሚያጠፋው መሰለው። አሠሪውና ዋሱ፣ ከፊሉ አቡ ናስር፣ ማጣሪያ መግዛት የሚያመው ሰው፣ ሻጋታ በነፃ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። «ያላ፣ ሞክር» አለ። «ቤቱ ከታሸገ ግን ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አላድስም።»

እዚያ ሰፈር የተረፈ ዳቦ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ከብት ያለው እንዲወስደው በፌስታል ከአጥር ይሰቀላል። ሸምሱ ዞሮ ለቀመው። አርሶ አሻገተው፣ ቀቅሎ አደረቀው፣ በጆንያ አድርጎ የጥቁሩ ውኃ በርሜል ውስጥ ነከረው።

«የበግ ቀለብ ቀምተህ ነው መሐንዲስ የሆንከው፣ ወንድሜ?» አለችው ልብስ ተኳሿ ናጃት።

«አንቺ ካውያሽን ያዢ። ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ እንዲህ ከገማ፣ ኸላስ፣ መሃይም ሆኜ ልቅር።»

ውኃው ግን ጠራ፤ ቀጭን ሻይ መሰለ። ሸምሱ በጠርሙስ ሞልቶ ዑድ ሰፈር ላሉት የአገሩ ልጆች አዞረ። ከዚያ ወዲህ «መሐንዲስ» ካላሉት በቀር በስሙ ሲጠሩት መስማት አቆመ።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ጠዋት ሽታው አሳፈረው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይታጠባል፤ እሱም ሻጋታውን አጠበ፤ እዚያው በርሜሉ ውስጥ፣ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና። ሻጋታው የያዘውን ቀለም ሁሉ ለቀቀው።

«በላው ያልከው ቀለም መጣ» አለች ናጃት።

«ሳሙና አንሶት ነው» አለና ጨመረ።

ተቆጣጣሪው በርሜሉን አየ፤ አረፋው ሳይቀር ጠቁሯል። ምንም ሳይጠይቅ በሩን አሸገ። አቡ ናስር ለማጣሪያው የሰሰተውን ረስቶ፣ «ሐበሻው ነው ያበላሸው» አለ። የኢቃማውን ነገር ግን አልረሳም።

ሸምሱ አሁን ሱወይዲ ሰፈር፣ የአጎቱ ልጅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፖሊስ እንዳይይዘው አይወጣም። ለሚጠይቁት ሁሉ ሻጋታው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ሳሙናው፣ ይላል፣ ርካሽ ሳሙና ነበር።