ስኪ የማታውቅ አሰልጣኝ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ ትምህርት ቤቷ አጠገብ ባለ ትንሽ ክበብ ስኪ መማር ጀመረች። ከተራራ ቁልቁል የሚወረደውን ዓይነት አይደለም። ረጅምና ቀጭን ስኪ ጫማ ላይ ታስሮ፣ በሁለት ዘንግ እየገፉ በበረዶ ሜዳ ላይ ብዙ መንገድ የሚኬድበትን ነው። ጣሊያኖቹ ፎንዶ ይሉታል። ሮም ላይ በረዶ የለም፤ ስለዚህ በአዘቦት ቀን ፓርክ ውስጥ ጎማ ባለው ስኪ ይለማመዳሉ፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ እሁድ እሁድ ከአናኚና አውቶቡስ መነሻ ተነስተው በአውቶቡስ ወደ አብሩዞ ተራሮች ይወጣሉ።

አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ማኤስትሮ፣ መምህር፣ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ስሄድ ወላጆችን ሰብስበው፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ሰው ሥራ አግኝቶ ሚላኖ መግባቱን ነገሩን። ሁለተኛ ትልቅ ሰው በነፃ የሚያግዛቸው ካልተገኘ ልጆቹን ይዘው መውጣት አይፈቀድላቸውም። ይሄኔ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ገባ። እኔ ስልኬን ለማውጣት ስላልደረስኩ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ ትንፋሽ እንደማያጥረኝ እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ደግሞ ያመለጠኝን አውቶቡስ ከማባረር በቀር ሮጬ አላውቅም። ግን ልጄ ሄልሜቷን አቅፋ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ፤ ለራሴ ያለችኝ እሁድ ብቻ ነበረች፣ እሷም የቤተ ክርስቲያን ነበረች። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ከቅዳሴ በኋላ የማገኛት ጓደኛዬ ነገሩን ስትሰማ በጣም አዘነችብኝ።

«እሁድሽን ለበረዶ ሰጠሽው?» አለችኝ።

ማኤስትሮ ፓርክ ውስጥ ያስተማሩኝ በአብዛኛው አወዳደቅ ነው። በጎን መውደቅን ለመድኩ። መነሳቱ ግን አስቸገረኝ፤ ውሻቸውን ሊያንሸራሽሩ የመጡ ሰዎች እስኪያልፉ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን የማስተካክል እመስል ነበር።

መጀመሪያ ተራራ የወጣን ቀን ሥራዬ ቀላል ነበር፦ ከሁሉም ኋላ መሄድ፤ ከእኔ ኋላ ማንም ልጅ እንዳይቀር ማየት። ኋላ መቅረቱ ምንም አልከበደኝም። ልጆቹ ጫካው ጋ ታጥፈው ጠፉ። ከፊቴ የቀረችው ከሁሉም ትንሿ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም አንድ እግሯ ከስኪው ወጥቶ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ወደ ማያያዣው ብጫነው እምቢ አለኝ። ጓንቴን አውልቄ ሞከርኩ። ጣቶቼ ወዲያው ደነዘዙ፤ ሚዛኔን ስቼ ዘንጎቼ ላይ ወደቅሁ። በዚህ መሃል ጉም ወርዶ መንገዱን ዋጠው።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ለመድኃኒት፣ ለሾርባ፣ ፔርሜሶ ለሚባለው የመኖሪያ ፈቃዴ የሚሆን ጣሊያንኛ አለኝ። ጉም ውስጥ የምታለቅስ የሌላ ሰው ልጅ የሚያባብል ጣሊያንኛ ግን ፈልጌ አጣሁ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ» አልኳት በአማርኛ። ቀና ብላ አየችኝና ብሶባት አለቀሰች። ተጣራሁ፤ ድምፄ የትም የሚደርስ አይመስልም። ስልኬ መስመር የለውም። ስኪዬን ፈትቼ ልሸከማት ስል እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። በመጨረሻ በረዶው ላይ ተቀምጬ፣ ካፖርቴን ከፍቼ፣ እቅፌ ውስጥ አስገባኋት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። መቅረታችንን ማንም ልብ ይበል አይበል አላውቅም ነበር።

ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ ያለችው ልጄ ናት፤ ማኤስትሮ ከኋላዋ ነበሩ። ተንበረከከች፣ በዘንጓ ጫፍ ከልጅቷ ጫማ ሥር የተጋገረውን በረዶ ፋቀችና እግሯን ስኪው ላይ አደረገችላት። ወዲያው ቀጭ አለ። ጫማውን ገልብጬ ማየት እኔ አልመጣልኝም።

አውቶቡስ ውስጥ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ አማርኛ የምትናገረው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ስትፈልግ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ካልቻልሽበት ለምን መጣሽ?»

ስላንቺ ብዬ ነው ልላት ፈለግሁ። አፍራብኝ እንደነበር ፊቷ ላይ እያየሁ ይህን ማለት አቃተኝ።

ስንወርድ ማኤስትሮን ወደ ጎን ጠርቼ፣ እኔ ለዚህ እንደማልሆን፣ ልጅ በእጄ ላይ አንድ ነገር ቢሆን እንደማልችለው ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አላጽናኑኝም፤ አልተቆጡኝምም።

«ሌላ ሰው የለኝም» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በረዶው አልጥልም ያለበት ጊዜ መጣ። ተራራው ቡናማ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ልጆቹ ስኪያቸውን ተሸክመው ጭቃ ለጭቃ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚጥል የሚጠይቁት እኔን ነው። አላውቅም ስላቸው እንደ ደበቅኳቸው ያዩኛል።

ሙቀቱ ሲመጣ ልጄ ስኪ በቃኝ፣ ቮሊቦል እፈልጋለሁ አለች። ደስ አለኝ ብል አልዋሽም፤ እሁዴ የተመለሰችልኝ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ማኤስትሮ ደወሉ። ልጄ መተዋን ነገርኳቸው። «አሎራ፣ እንግዲህ የቀሩትስ ልጆች?» አሉኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እምቢ የምልበትን ቃል ፈለግሁ። የመጣልኝ ግን «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» የሚለው ነው።

አሁን እሁድ ጠዋት ልጄን ተኝታ ትቻት እወጣለሁ። አሁንም እወድቃለሁ፤ ማያያዣው አንዳንዴ አሁንም እምቢ ይለኛል። አናኚና ላይ እናቶቹ የልጆቻቸውን ኮት እየቆለፉ፣ «አሰልጣኟ እሷ ናት፣ እሷን ስሟት» እያሉ አሳልፈው ይሰጡኛል። ልጆቹም እጄን ይይዛሉ፤ አውቶቡሱ ይነሳል።