ለልብ ወለድ ለቅሶ የደረሱት እናት

የመጀመሪያ ልብ ወለዴ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ኦስሎ ስቶቭነር ሰፈር ያለው ቤቴ በሩ ተደወለ። ስከፍት ጎረቤቴ ለተብርሃን ናቸው፤ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ የምላቸው፤ አስመራ ተወልደው እዚህ ያረጁ ጡረተኛ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሻይ ፔርሙዝና ሕምባሻ ይዘዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» ብለው ገብተው ተቀመጡ።

ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

«ሰብለ ናታ» አሉኝ።

ሰብለ በመጽሐፌ ውስጥ ባሏ ሲደበድባት ኖሮ በመጨረሻ የገደላት፣ የተራኪዋ የልብ ጓደኛ ናት። መጽሐፉ በኖርሽክ፣ በኖርዌይ ቋንቋ፣ ስለተጻፈ ልጃቸው ወደ ትግርኛ እየመለሰች አንብባላቸዋለች።

«አደይ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። ሰብለ የምትባል ሴት የለችም።»

ሻይ ላፈላ ስነሳ «ሐዘንተኛ አይነሳም» ብለው አስቀመጡኝና ከፔርሙዛቸው ቀዱልኝ። ሕምባሻውን እቆርሳለሁ።

«ልብ ወለድ መሆኑን ልጄ ነግራኛለች» አሉ። «ግን ይሄን ያልቀበረ ሰው አይጽፈውም። ሴት ስትሞት ለቅሶ የሚደረሰው ቤተሰቧ ዘንድ ነው። ጓደኛዋን ማን ይጠይቃታል?»

ስለ መጽሐፉ ስንቱ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኛል። ያጽናሽ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዛሬም ባሰብኳቸው ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

«በይ፣ እውነተኛ ስሟን ንገሪኝ» አሉኝ።

«ትዕግሥት» አልኳቸው።

«ትዕግሥት» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና፣ ስሟን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ።