አባይነሽ ሁለት ጊዜ መሰከረች

አባይነሽ ሾላ ገበያ ከእኔ ጎን ቅመም ትሸጣለች። እኔ ሽንኩርት፣ እሷ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ በደንበኛ ተጣልተናል፣ ልጅ ስንድር ተቃቅፈን አልቅሰናል፣ እሑድ እሑድም አንድ ቸርች አብረን እናመልካለን። ስለዚህ የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

አፈኛ ናት። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ «ኮረሪማሽ አርጅቷል» ቢሏት «እርስዎስ?» ያለችው እስከ ዛሬ ገበያውን ያስቃል።

ይህች ሴት በ2004 ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ ዝም አለች። ደንበኛ ሲከራከራት ዝም፣ እኔ ስነካካት ዝም። አንድ ቀን ወደ ቤት ልንሄድ ታክሲ ተራው ላይ እንጋፋለን፤ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። በሩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ዲንቄ፣ ደረቴን ያዘኝ፤ ልሞት ነው» አለችኝ። ተሸክመን ክሊኒክ ወሰድናት፤ ልብሽ ጤነኛ ነው አሏት። በሳምንቱ ደገማት። ከዚያ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተወች።

አያት ኮንዶሚኒየም ቤቷ ድረስ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ተዘግቷል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የጎረቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመላለሳል፦ «ባል አለሽ፣ ልጅ ድረሻል፣ ቤት ደርሶሻል፤ ምን አጣሽ?» እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ይህንኑ ጠየቅኳት። ዞራ አየችኝ። «አንቺም?» አለችና ወደ ግድግዳው ተመለሰች። እስከ ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ኃይሉ ደግሞ አራት ጸሎተኞች አስከትለው መጡ። ለቅሶ ቤት እንደ እሳቸው የሚደርስ የለም፤ ይህን አልክድም። ግን በሩን ዘግተው፣ ከበው ቆመው፣ «የሐዘን መንፈስ፣ ውጣ!» እያሉ አንድ ሰዓት ጮኹባት። «የዚያን ቀን ነው የባሰው የያዘኝ» አለችኝ በኋላ። መጮህ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ሾላ ውስጥ የሚታመም ሰው አይኖርም ነበር።

ማርቲ የምትባለውን ልጅ ያገኘናት ከዚህ በኋላ ነው። ማርቲ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ልጅ እግር፣ ቀጭን፣ የማትቸኩል። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለስምንት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ሰው ሰብስባ ታሠለጥናለች። ሥልጠናው ምንድን ነው ቢባል ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከታተል ነው፤ ሐሳብ ሲኮበልል ራስን ሳይቆጡ መመለስ። ክኒን የታዘዘለት ክኒኑን አያቋርጥም፤ አባይነሽም ለጥቂት ወራት ወስዳለች። ብቻዋን ታክሲ መሳፈር ስለማትችል እኔ ይዣት እሄድ ነበር፤ ተቀምጬም አብሬ ተነፈስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ማርቲ ለእያንዳንዳችን አንድ ፍሬ የተቆላ ገብስ ሰጠችን። «መጀመሪያ እዩት፣ ከዚያ አሽትቱት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አኝኩት» አለች። አባይነሽ አሸተተች።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ገብስ እርጥበት ነክቶታል። ማን ሸጠልሽ?»

ከስንት ሳምንት በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሲወጣ ሰማሁ። ማርቲ ሳቀች። «ይህን አፍንጫዎን ነው የፈለግኩት፣ እትዬ አባይነሽ። ለገብሱ የሰጡትን ያህል ለደረትዎም ልብ ይስጡልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ እንቅልፍ ያዛት፤ እጄን ጨብጣ ታክሲ ተሳፈረች። ይህን ጋሽ ኃይሉ ሰሙ። እሑድ ከመድረክ ላይ «እህታችን አባይነሽ ነፃ ወጥታለች፤ ወጥታ ትመስክር!» አሉ።

በእኛ ዘንድ መድረክ ላይ ቆሞ «ትንሽ ተሽሎኛል» የሚል ሰው የለም። ታመምኩ፣ ተጸለየልኝ፣ ዳንኩ፤ ምስክርነት ማለት ይኸው ነው። ሕዝቡ ለእልልታ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዙሪያዋን አየች፤ ወለሉን አየች። «ድኛለሁ» አለች። ቸርቹ ቀለጠ። እኔ ሞኟ ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ እልል አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ታክሲ ተራው ላይ፣ ያው ነገር ያዛት።

አሁን በበሽታው ላይ ሌላ ተጨመረ። «በእግዚአብሔር ቤት ዋሽቻለሁ፤ ይኸው ተቀጣሁ» ብላ ቸርቹንም ሥልጠናውንም ተወች። መጋረጃው ተዘጋ። ጋሽ ኃይሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጥርጣሬ አስገብታ ነው የተመለሰባት።» አንድ ጆንያ ሽንኩርት በራሳቸው ላይ ብዘረግፍ ደስ ባለኝ።

ማርቲ ዘንድ ሮጥኩ። ተረጋግታ የማውቃት ልጅ ፊቷ ቀላ። «በሦስት ሳምንት ድኛለሁ በይ ያላት ማነው? ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል፤ እኔም እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምንለማመደው ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ነው። ስምንት ሳምንት ስል መጀመሪያው ነው ማለቴ ነው።»

ቃል በቃል ለአባይነሽ ነገርኳት። ግድግዳውን እያየች አዳመጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ታዲያ ኃይሉን ምን አጣደፈው?»

«ጋሽ» እንኳን አላለችም። ደስ አለኝ። ለሁለት ወር ራሷን ስትበላበት የነበረው ንዴት መንገዱን አገኘ።

ማክሰኞ ተመለሰች። በሰባተኛው ሳምንት ማርቲ ከነነጭ ጋዋኗ እንጦጦ ወሰደችን፤ ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ፣ በባሕር ዛፉ መሃል፣ ሳናወራ፣ እግራችን መሬት ሲነካ እያስተዋልን ቀስ ብለን ወጣን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይመጣሉ።

«ምን ጠፍቷቸው ነው መሬት መሬቱን የሚያዩት?» አለች አንዷ።

አባይነሽ ዝም ማለት አልቻለችም። «ቀልቤ ጠፍቶብኝ ነው።»

ሴትየዋ ከነሸክሟ ቆመች። «ስታገኚው የእኔንም ፈልጊልኝ። አንቺን ነርስ ይዛሽ ወጣች፤ እኔን ዛፉ ነው የሚያወጣኝ።»

አባይነሽ ሸክሙን እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «እውነቷን ነው» አለች።

ስምንቱ ሳምንት አለቀ፤ ከሚቀጥሉት ጋር ደግማ ገባች። ክፉ ቀን ከሦስት ቀን አንዱ ነበር፤ ከአምስት አንዱ ሆነ፤ ዓመት ሲሞላ በወር አንዴ። ታክሲ ተራው ላይ ሲመጣባት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «መጣህ? ና፣ አብረን እንሳፈር» ትለዋለች። ትሳፈራለችም። ረዳቱ መጀመሪያ እሱን የምታናግር መስሎት ነበር።

በ2005 ማብቂያ ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ ጋሽ ኃይሉ እንደገና ጠሯት። «ያቺ ነፃ የወጣችው እህታችን!» ቀሚሷን ይዤ ልጎትታት ሞከርኩ፤ እጄን አስለቀቀች። ማይኩን ተቀበለች።

«አምና ድኛለሁ ብያችሁ ነበር። አልዳንኩም ነበር። ጋሽ ኃይሉ ቸኮሉ፣ እኔም ፈራኋችሁ። ዛሬም አልዳንኩም። እየተሻለኝ ነው። ጤና ጣቢያ ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ፣ ቁጭ ብዬ መተንፈስ ተምሬ ነው የሚሻለኝ።»

ጋሽ ኃይሉ ለኪቦርዱ ልጅ ምልክት ሰጡ። መዝሙር ተጀመረ፤ ማይኩም ጠፋ። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሾላ ላይ ያለ ማይክ ስትጣራ የኖረች መሆኗን ረስተዋል።

«ጌታ አልተወኝም። እናንተ ግን በጌታ ስም አታጣድፉኝ። ቤታችሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ካለ፣ ምን አጣህ አትበሉት። አጠገቡ ተቀመጡ።»

የኪቦርዱ ልጅ እጁን አነሣ። እልልታ የለም፣ አሜን የለም። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ደረቷ ላይ ነው።

በር ላይ ጋሽ ኃይሉ ጠበቁን። «እህት አባይነሽ፣ ጉባኤውን አሳዘንሽ።»

«ጉባኤውን አላሳዘንኩም። እርስዎን ነው ያሳዘንኩት፤ እሱን ደግሞ ይቻሉት።»

ማክሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያ፣ የምንሠለጥንበት ምንጣፍ ላይ ከቸርቻችን የመጡ ሦስት አዲስ ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ አሳየች የምትባለው ናት፣ ከመዘምራን ፊት የምትቆመው፣ ሁልጊዜ የምትስቀው። ማርቲ ዓይናችንን አስጨፈነችን።

«እትዬ አባይነሽ፣ አሁን ምን አለ?»

«ንዴት።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚህ፣ ደረቴ ላይ። ጋሽ ኃይሉን ይመስላል።»

«ይቀመጥ?»

አባይነሽ ተነፈሰች። «ይቀመጥ። ቁርስ ግን አላቀርብለትም።»