ሦስቷ ደህና ናት?

ከምሠራበት ክሊኒክ ማዶ ያለው ባለሱቅ ትናንት በጠራራ ፀሐይ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ጎተተው። የቆርቆሮው መንኳኳት በካርድ ክፍሉ መስኮት ገብቶ በእጄ የያዝኩትን ካርድ አስጣለኝ። ሰውየው ለጁምዓ ሶላት መሄዱ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የእኔ ጆሮ ግን ሥራውን ትቶ ቀጥሎ የሚዘጋውን በር፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ይጠብቅ ጀመር። ወረፋ ላይ የነበሩት ታካሚ ጠረጴዛውን መታ መታ ባያደርጉልኝ እንደዚያው ተገትሬ እቀር ነበር።

ያደግኩት ቡራዩ ነው። አባቴ በአምቦ መንገድ ዳር ትንሽ የብየዳ ቤት ነበረችው፤ የሰፈራችን የሱቅ በሮች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የበር ድምፅ ሲሰማ “ያቺ የሐጂ ናት፣ ያቺ ደግሞ የፀጉር ቤቷ” ይል ነበር። በዚያ በማስተር ፕላኑ ጣጣ ዘመን በሮቹ ገና በጠዋቱ ተራ በተራ መዘጋት ሲጀምሩ፣ የመንገዱን መዘጋት ከሬዲዮ ቀድመን የምናውቀው በአባቴ ብረት ነበር። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይመጣል። ከዚያ የውሻ ጩኸት ብቻ ይቀራል።

እናቴ የሞተችው እኔን በወለደች በሳምንቷ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ከሱሉልታ ለአርባዋ መጥታ፣ እኔን አቅፋ ተቀመጠች፣ በዚያው ቀረች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ጡጦዬን የያዘችው፣ ፀጉሬን የሠራችው፣ ደብተሬን በጋዜጣ የለበደችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ እናቴ ይላት ነበር፤ እኔ እትዬ እላት ነበር፤ አባቴ ሲላት ሰምቼ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠኝ። የሕክምና ላብራቶሪ ነበር የመረጥኩት። ዕድሉ ግን ገመድ ነበረው፤ በየሴሚስተሩ አማካይ ውጤቴ ከሦስት ነጥብ እንዳይወርድ፣ ያልተጠናቀቀ ኮርስም እንዳይኖረኝ። ከሁለቱ አንዱ ከተጓደለ ዕድሉ ይቋረጣል፤ ተቋርጦም አይመለስም። ይህን ለአክስቴ ሳስረዳት ስለ አማካይ ያልኳትን ሁሉ ትታ ሦስቷን ብቻ ያዘች። ከዚያ በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ የምትጠይቀኝ ስለ እኔ አልነበረም።

“ሦስቷ ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ እትዬ።”

“ተመስገን። ግቢ፣ ብዪ።”

ሦስቷን በረት ውስጥ እንዳለች ጥጃ ነበር የምትጠብቃት። ፈተና ሲደርስ የሰፈር ልጆች ግቢያችን ውስጥ እንዳይጮኹ ታባርራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስቷ አንድም ቀን አላመማትም፤ እንዲያውም ወፍራ ሦስት ተኩል አልፋ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ጉራ ለመንዛት አይደለም። ሰነፍ ነበረች የሚል ካለ ከአሁኑ አፉን እንዲይዝ ነው።

የደም ምርመራው ትምህርት ፋይናል የሚሰጥ ዕለት ጠዋት ጫማዬን ሳስር የሐጂ በር ተዘጋ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፋች። “በእግራችን እንሄዳለን” አለች።

አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው በዳር በዳር ሄድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወታደሮች ቆመው ነበር። አንደኛው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

“ልጄ ፈተና አላት” አለችው አክስቴ።

“እናቴ፣ ዛሬ ምን ፈተና አለ? ሁሉም ዝግ ነው። ይመለሱ።”

ሁሉም ዝግ አልነበረም። ከዚያች ድልድይ ወዲያ ታክሲው ይሄዳል፣ ማኪያቶው ይጠጣል፣ የክፍል ጓደኞቼ ወረቀታቸው ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ጥያቄዎቹን በኋላ አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉንም አውቃቸው ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። በለስላሳ ድምፅ አስረዳችኝ፤ ማካካሻ ፈተና የሚፈቀደው ለሕመም ወይም ለሐዘን ነው፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ አምጪ።

“መንገድ ተዘግቶ ነው የቀረሁት።”

“ደንቡ ላይ መንገድ የሚል የለም።”

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ፣ ባልታከምሽበት ቀን አንጽፍም አለኝ። አሁን እኔም ካርድ ክፍል ተቀምጬ ለሰው ያንኑ እላለሁ። ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የልመናዬን መጨረሻ እንኳን አልጠበቀኝም።

“ኦቦሌቲኮ፣ እህቴ፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር ብዬ እንድፈርም ነው የምትፈልጊው? ከተማችን ሰላም ናት።”

ከጀርባው ያለው መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን ተሸፍኗል። ካርቶኑን አየሁት፤ እሱም ሳየው አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የሞተብሽ ሰው የለም?” አለኝ። የለም አልኩ። “እስቲ ዕድር ጋ ሞክሪ” አለና ሌላ ባለጉዳይ ጠራ።

ቤት ገብቼ ይህን ስናገር አባቴ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ቆመ። “በሕይወት ያለ ሰው በወረቀት አልገድልም። በቃ” አለ። አክስቴ ግን ከጓዳ ወጣች።

“እኔን ግደሉኝ።”

“እትዬ፣ እባክሽ።”

“ምን እሆናለሁ? ሦስቷ ከምትሞት እኔ ልሙት።”

አባቴ በሩን ወርውሮ ወጣ። አክስቴ በነጋታው ለእሱ ሳትነግረው እጄን ይዛ ወደ ዕድራችን ጸሐፊ ወሰደችኝ። ጸሐፊው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የዕድሩን ማኅተም ከመርፌና ከክር ጋር በአንድ መሳቢያ ነበር የሚያስቀምጡት። ነገሩን ሲሰሙ ብዙ አንገራገሩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ።

“ከአጭር ሕመም በኋላ ብለው ይጻፉልኝ” አለች አክስቴ፣ “ረጅም ሕመም አልወድም።”

“እናቷ ልበል?” አሉ ልብስ ሰፊው።

አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ከዚያ “የሞተች እናት አለቻት። የሰው ቦታ አልወስድም፤ አክስቷ ይበሉ” አለች። ጻፉ፣ በማኅተሙ መቱት፣ ቀሪውን ቅጂ የልብስ መኪናው ላይ አስቀመጡት።

ሁላችንም ያላሰብነው ያንን ቅጂ ነው። የዕድራችንን ድንኳን የሚጠብቁትና ጥሩምባ የሚነፉት ሽማግሌ፣ እኛ ልጆች ኦቦ ጥሩምባ የምንላቸው፣ በማግስቱ ጠዋት የጠገኑላቸውን ኮት ሊወስዱ ልብስ ሰፊው ጋ ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊው ጎረቤት ቤት ገብተው ኖሯል። ኦቦ ጥሩምባ የአክስቴን ስምና የዕድሩን ማኅተም ያያሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ማኅተም ከታየ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ድንኳኑ ይተከላል፣ እንዴት ሞተች የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ጥሩምባ ሲነፋ አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር።

“እኔን! ማን ሞቶ ይሆን?” አለች።

የድንኳኑን ቋሚ የተሸከሙ ወንዶች የእኛን በር ገፍተው ገቡ። ከኋላቸው ሴቶች እያለቀሱ። ከፊት ኦቦ ጥሩምባ።

“ኤኙቱ ዱኤ፣ ኦቦ?” ብላ ማን እንደሞተ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው፣ ሰፌዱን እንደያዘች።

ሽማግሌው ብዙ አዩዋት። “አንቺ ነሻ” አሉ።

አንዷ ሴት መሳቅ ጀመረች፣ ሌላዋ ደግሞ ማልቀሷን ማቆም አቃታት። በዚህ መሀል አባቴ ከብየዳ ቤቱ እየሮጠ ደረሰ። ጥቁሩ መነጽር ግንባሩ ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። እህቱን ቆማ ሲያያት መሬት ላይ ቁጭ አለ። እሷ ልታነሣው ስትጎነበስ ነው የፖሊስ ፓትሮል መኪና በራችን ላይ የቆመው።

ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ለቅሶ ብቻ ሲሆን ዝም ይባላል። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለ፣ ግማሹ እየሳቀ። መሣሪያ የያዙት ፖሊሶች ገቡ።

“ምንድን ነው ስብሰባው? ማን ሞቶ ነው?”

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። አባቴ ከመሬት ሳይነሣ ቀና አለ።

“እህቴ ናት” አለ። “እህቴ ሞታብኝ ነው።” ከዚያም ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ያለቀሰውም የምሩን ነበር።

አለቃቸው ባርኔጣውን አወለቀ። “ነፍስ ይማር” አለና ሰዎቹን ይዞ ወጣ። መኪናው ግን መንገዱ ማዶ ቆሞ ቀረ፤ ስለዚህ ድንኳኑ መተከል ነበረበት፣ ለቅሶውም መለቀስ። ሴቶቹ አክስቴን እያወደሱ ሙሾ አወረዱ፤ የጎረቤት ልጅ እንዳበላች፣ የታመመ እንዳስታመመች። እሷ ራሷ ከነጠላዋ ሥር ሆና ከሁሉም በላይ አለቀሰች። መኪናው ሄዶ ድንኳኑ ሲነቀል “ይሄን ሁሉ ደግ ነበርኩ እንዴ?” አለችኝ። አባቴ ከእሷም ከእኔም ጋር ለብዙ ቀን አልተነጋገረም።

ወረቀቷን ይዤ ሬጅስትራር ሄድኩ። ይህን ሁሉ ዋጋ አስከፍላለችና እንዳትታጠፍ መጽሐፍ ውስጥ አድርጌአት ነበር። ሴትየዋ አንብባ ስትጨርስ “ነፍስ ይማር፣ የኔ እህት” አለችኝ። ቀጥላ ከመሳቢያዋ ደንቡን አወጣች።

“አክስት ግን በደንቡ የለችም። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ ነው የሚለው።”

“ያሳደገችኝ እሷ ናት።”

“ይገባኛል።”

“እናቴን አላውቃትም። እሷ ናት ያሳደገችኝ።”

“ይገባኛል አልኩሽ እኮ። እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው።”

ባዶው ውጤት ኤፍ ሆነ። ሦስቷ ወረደች፤ ዕድሉም ተቋረጠ። የአባቴ ብየዳ የዚያን ኮሌጅ ክፍያ አይችልም፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የእሱም እሳት ይጠፋ ነበርና። እኔም ደብተሮቼን ሰብስቤ በታክሲ ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። መንገዱ ያን ቀን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። “ሦስቷስ?” አለች።

“አረፈች፣ እትዬ።”

ደብተሮቼን ተቀበለችኝ። “እኔ ተርፌ እሷ ሞተች?” አለች። ከዚያ እጇ ላይ ያልነበረ ነገር በሸማዋ እየጠራረገች “እናቷ ይበሉ ማለት አቅቶኝ፣ እናቷ ይበሉ ማለት አቅቶኝ” እያለች ወደ ጓዳ ገባች። እናደዳለሁ። ዛሬም እናደዳለሁ። አንድ ሰው ክፉ ሆኖብኝ ቢሆን ይቅር ብዬ እገላገል ነበር፤ ግን ወታደሩ ደክሞት ነው፣ ሊቀመንበሩ ፈርቶ ነው፣ ሴትየዋ ታዝዛ ነው። ደንብን እንዴት አድርጎ ይቅር ይሉታል?

ከዓመታት በኋላ በማታ ትምህርት ሌላ ነገር ተማርኩና ክሊኒኩ ገባሁ። የላብራቶሪው በር ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ነው። ልጆቹ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው የደም ናሙና ይዘው ሲያልፉ ዓይኔን ወደ ካርዶቼ እመልሳለሁ።

አክስቴ አምና ሞተች፤ እንዳስጻፈችው ከአጭር ሕመም በኋላ። ኦቦ ጥሩምባ በጣም አርጅተዋል። በዚህኛው ሞቷ ከመንፋታቸው በፊት መጡ፣ አልጋው ጋ ቀርበው ፊቷን በእጃቸው ነኩ፣ ከዚያ ነው ጥሩምባውን ያነሡት። አባቴ ያን ቀን ዕንባ አልወጣውም፤ “እኔ አልቅሻታለሁ” ብሎ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ።

ለመሥሪያ ቤቴ የሐዘን ማስረጃ ሲያስፈልገኝ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። መነጽራቸው ወፍሯል። ምንም ሳይጠይቁኝ ጻፉ፣ በማኅተሙ መቱ፣ አጣጥፈው ሰጡኝ። የከፈትኩት ታክሲ ውስጥ ነው። “ወላጅ እናቷ ስላረፉ” ይላል።

አስተዳደሩ አንብቦ ወዲያው ፈረመልኝ። በደንቡ መሠረት የተፈቀደልኝ ሦስት ቀን ነበር። ሦስቱን ቀን ቤታችን ደጃፍ፣ እሷ ምስር ትለቅምበት የነበረችው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው እየመጣ እግዜር ያጥናሽ ይለኛል፤ ሦስቷ ደህና ናት ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።