የወርቂቱ ክርን

የባልቻን ማንኮራፋት የማያውቅ የዱመርሶ ሰው አልነበረም። በቡና ማጠቢያው ጣቢያ ቡና የሚሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ሲሆን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከአልጋዎቹ ሥር እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ባዶ ከረጢት ፊቱ ላይ ጣል አድርገው በሳቅ ይፈርሳሉ።

ሚስቱ ወርቂቱ ግን አትስቅም። እሷን የሚያስፈራት ማንኮራፋቱ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው። ሌሊት ድንገት ዝም ይላል፤ ደረቱ ይነሣል፣ አየር ግን አይገባም። ያን ጊዜ በክርኗ ጎኑን ጎሸም ታደርገዋለች። ከውሃ እንደወጣ ሰው “ህእ!” ብሎ ይተነፍስና፣ ሰድቧት መልሶ ይተኛል። እሷ ደግሞ ቀጣዩን ዝምታ ትጠብቃለች። ጠዋት ዓይኗ ደም ለብሶ እንሰት ትፍቃለች። እውነቱን እንነጋገርና፣ የዚያች ሴት ክርን ባይኖር ባልቻ ድሮ ባለቀለት ነበር። ለእሱ ግን ሚስቱ እንቅልፍ የምትነሣ ክፉ ሴት ነበረች። ለሰው ሁሉ ሣቂታ ነው፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. እግሮቹ አበጡ፤ ፊቱም ጠዋት ጠዋት ይነፋ ጀመር። ሐዋሳ ሄደው ሲመረመር ኩላሊቶቹ መድከማቸው ተነገረው። ሐኪሟ ወጣት ነበረች።

“ማታ ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል?” ብላ ወርቂቱን ጠየቀቻት።

የወርቂቱ እንባ መጣ። ይህን የጠየቃት ሰው በዕድሜዋ አልነበረም።

ሐኪሟ ለሁለቱም አስረዳቻቸው። ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር የደም ግፊቱ ይወጣል፤ ግፊቱ የደከመውን ኩላሊት ይጎዳል፤ ኩላሊቱ ያላስወጣው ውሃ ደግሞ ሲተኛ ወደ አንገቱ እየወጣ ጉሮሮውን ያጠበዋል። ሌሊት በአፍንጫ አየር የሚነፋ መሣሪያ አለ፤ እዚህ አይገኝም፣ አዲስ አበባ አፈላልጋለሁ አለች። እስከዚያው ጨው ይቀንስ፣ አረቄ ይቅርበት፣ በጎኑ ይተኛ።

“እርስዎም መጎሸሙን እንዳይተዉ” አለቻት። “ሰውየው እንቅልፍ እያገኘ አይደለም፤ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።”

ባልቻ ከዚህ ሁሉ ይዞ የተመለሰው የመጨረሻውን ብቻ ነው። እንቅልፍ እያገኘ አይደለም! የነሣውስ ማን ነው?

ብዙም ሳይቆይ እሱ ሲያንኮራፋ ዝናብ መጣና ያልተሸፈነው ቡና ራሰ። የጣቢያው ባለቤት ከኃላፊነት አነሣሃለሁ ብሎ ዛተበት። ባልቻም ንዴቱን ይዞ ሄዶ ሚስቱን ሶንጎ ከሰሳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ሶንጎው የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙበት ቦታ ነው፤ ቃሉን ጥሶ በሰላም የሚኖር የለም። የዚያን ቀን ይመሩ የነበሩት ጋሽ ወልዱ፣ አንገታቸው ከትከሻቸው የገጠመ፣ ነገር ሲረዝም እዚያው ሸለብ የሚያደርጋቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

“አባቶቼ” አለ ባልቻ፣ “ሐኪሟ እንቅልፍ አጥተሃል ብላኛለች። ይቺ ሴት በየሌሊቱ ትደበድበኛለች።” ሸሚዙን ገልጦ የበለዘ ጎኑን አሳየ።

“መትተሽዋል?” አሏት።

“መትቻለሁ። ትንፋሹ ሲቆም ነው የምመታው። ሐኪሟም እንዳትተዪ ብላኛለች።”

“ትንፋሹ የቆመ ሰው ያንኮራፋል እንዴ?” አሉ ጋሽ ወልዱ።

ሶንጎው በሳቅ አውካካ። ባልቻም አብሮ ሳቀ። ወርቂቱን ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የቆረጣት የእሱ ሳቅ ነው።

“ቡናው ተሰብስቦ እስኪያልቅ ቡሌ እናትሽ ዘንድ ቆዪ” ብለው ፈረዱ። “እሱም ይረፍ። ከዚያ እናስታርቃችኋለን።”

“እሺ፣ እሄዳለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ ወንድሙ አጠገቡ ይደር። ዝም ሲል ይጎሽመው።”

“እኔ ሕፃን ነኝ?” ብሎ ባልቻ ጮኸ። ሽማግሌዎቹም የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ ብለው መረቁት።

ቡሌ ብርድ ነው። ወርቂቱ ከእናቷ ጋር ባንድ ጋቢ ተኛች። ጠዋት እናቷ ጎናቸውን እያሹ፣ “ልጄ፣ ምን አድርጌሽ ነው ሌሊቱን ሙሉ ስትወጊኝ ያደርሽው?” አሏት። እሷ ብትተኛም ክርኗ ሥራውን አልተወም።

ከዱመርሶ የመጣ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነበር፤ ባልቻ አረቄ ቤት ተቀምጦ “እንዲህ ተኝቼ አላውቅም” እያለ ይፎክራል። ቀን ቀን መተኛቱ ግን ብሶበት ነበር። እሱ ያጣሁትን እንቅልፍ እየካስኩ ነው ይላል።

አንድ ጠዋት ወንድሙ በሞተር መጣ። “ባልቻ ትንሽ አሞታል፣ ነይ” አላት። እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ወርቂቱ ታውቃለች። መንገዱን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

“በጀርባው ነበር የተኛው?”

“አዎ” አላት።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ እየሰማች “ታማሚ ባሏን ጥላ ሄዳ” ይሏታል። ወርቂቱ አጠገቧ የተቀመጡትን ጋሽ ወልዱን ዓይን ዓይናቸውን አየች። ፈራጁ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃት ነበር።

“ምን ይደረግ” አሉ ጋሽ ወልዱ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። “አጠገቡ ሰው ቢኖር ኖሮ…” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከምሳ በኋላ እዚያው እንደተቀመጡ አንቀላፉ። አንኮራፉ። ከዚያም ዝም አሉ። ወርቂቱ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ደረታቸው ይነሣል፣ አየር አይገባም። ይሙቱ፣ አለች በልቧ፤ እውነቷን ነው ያለችው። እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ጭምቅ አድርጋ ያዘቻቸው። ክርኗ ግን አልታዘዛትም። ጎሸም አደረጋቸው።

“ህእ!” ብለው ባነኑ። ዙሪያቸውን አዩና ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ።

“አንቺ ሴት! ዛሬም ሰው አታስተኚም?” አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።