«አቤት» ተብሎ የተዘጋ ፋይል

እትዬ ምንታምር ካውንስሉን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤታችንን፣ የከሰሰች ቀን ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሙት ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ግን ከፊት ይቅደም። ዶቃታ እባላለሁ፤ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር፣ ስኳርና ጋዝ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ።

ምንታምር ሞያሌ የገባችው ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው። ባሏ ከበበው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እሷን ከነሳጥኗ ጋቢና ጭኖ ድንበሩን ተሻገረና ከሱቄ ጎን ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። ቀጥሎ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። የሄሉ መሬት አለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት። «ሾፌር ሲያብድ መሪውን ትቶ ዶማ ይይዛል» ብዬ የተረብኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር እየቆፈረ በሁለተኛው ዓመት ጥርት ያለ ውሃ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለምንታምር የቀረላት ያ ጉድጓድ ነው።

በዚያ ውሃ ሻይ ቤት ከፍታ ኖረች። ወደ ናይሮቢ የሚወርዱት የኢትዮጵያ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው እሷ ጋ የሚቆሙት ለሻይዋ ብለው አልነበረም፤ ሻይዋ እንዲያውም ስኳር ይበዛበታል። አቧራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ሳትሰስት ስለምትሰጣቸው ነው። በሞያሌ ውሃ የማይሰስት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ከዚያ ካውንስሉ ከቤቷ በላይ ቄራ ሠራ። ደሙና ፈርሱ በተከደነ ቦይ ወደ ማዶ ይሄዳል ተብሎ ነበር፤ ቦዩ እንኳን ሊከደን ተቆፍሮም አላለቀ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ሁሉ ቁልቁል ወደ ጓሮዋ ይወርዳል። ውሃው መጀመሪያ ሸተተ፣ ቀጥሎ ቀለሙ ተለወጠ። ሦስት ጊዜ ካውንስሉ ቢሮ ተመላለሰች። ሁለቴ «ኬሾ» አሏት፣ ነገ ነይ ማለታቸው ነው። በሦስተኛው «ጉዳዩን እናያለን» የሚል ደብዳቤ ሰጧት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ!

በ1981 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከላይ አንዲት ቅሬታ ሰሚ ተላከች፤ አግነስ ትባላለች። ክፉ ላወራባት ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን አልችልም። ምሳ ሳትበላ የሰውን ሁሉ ብሶት ቁጭ ብላ የሰማች ሴት ናት። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የምታቀርበው ሦስት ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ለካውንስሉ አመልክተሃል? መልስ ሰጥተውሃል? በመልሱ ረክተሃል? አልረካሁም ያለ ጉዳዩ ይመረመርለታል። ረክቻለሁ ያለ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል።

ጥፋቱ አስተርጓሚው ቦናያ ላይ ነበር። ቦናያን ያመጣው ካውንስሉ ነው፤ የገዛ ጸሐፊው! ተከሳሹ ራሱ የከሳሹን ቃል ይተረጉማል። ቦናያ ስዋሂሊና ኦሮምኛ ልቅም አድርጎ ያውቃል። አማርኛውን የለቀመው ግን ከሻይ ቤት ነው፤ አስተናጋጇን ሲጠራት «አቤት!» ትለዋለች፣ እሱም አቤት ማለት አዎ ማለት ነው ብሎ ያዘ።

ምንታምር የገበያ ኦሮምኛ አታጣም። «በሱ ብትናገሪስ?» ብላት፣ «የሆዴን የሚያወጣልኝ ያገሬ ቋንቋ ነው» አለችኝ። ሁለቱን ጥያቄዎች አዎ፣ አዎ ብላ መለሰች። በሦስተኛው ላይ ቦናያ፣

«ማማ፣ ካውንስል መልስ ሰጠ። አንቺ ደስ አለሽ?» አላት።

ደስ አለሽ! ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «አቤት! አቤት! የመንግሥት ያለህ!» ብላ ጮኸች። በሷ አገር ሰው እንዲህ ብሎ ሲጮህ ሹም በቅሎውን ያቆምለታል ይባላል።

ቦናያ ወደ አግነስ ዞረና «ንዲዮ። አናይሹኩሩ ሴሪካሊ» አለ። አዎ፣ መንግሥትን ታመሰግናለች ማለቱ ነው። አግነስ የተዘረጉትን እጆች አየች፣ ፈገግ አለች፣ ጻፈች።

አልሰማሁም እንዳልል ስዋሂሊ ተምሬበታለሁ። አልገባኝም እንዳልል አማርኛ እናቴ ከዲላ ይዛው የመጣችው ነው። አፌን ከፈትኩ። ቦናያ ቀና ብሎ አየኝ። የሱቄ ላይሰንስ፣ የንግድ ፈቃዴ፣ ሳይታደስ እሱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አፌን ዘጋሁት። አግነስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና አንብቤ ልክ ከሆነ እንድፈርም ነገረችኝ። «ባለጉዳይዋ በመልሱ ረክታለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ይላል። ፈረምኩ። ላይሰንሴ ዓርብ ዕለት ወጣልኝ።

ቦናያ አውቆ ይሁን ተሳስቶ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ስለ ራሴ ግን ጥርጥር የለኝም።

ደጅ ስንወጣ ምንታምር «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ጻፉት» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ብቻዬን ብሆን ምን ይውጠኝ ነበር?»

በሁለተኛው ወር የካውንስሉ ትራክተር ድንጋይ ጭኖ ደጇ ቆመ። ቦዩን ሊሠሩላት የመጡ መሰላት፤ ሮጣ ሻይ ጣደች። ለካ የጤና ሠራተኞች ውሃውን አስመርምረው ተበክሏል ብለዋል፤ የተበከለ ጉድጓድ ደግሞ ይደፈናል። ቦዩን የነካ ሰው አልነበረም፣ ስለ ቦይ የሚከራከር ሰው የለማ፤ ባለጉዳይዋ ረክታለች። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወርድ ትሪውን እንደያዘች፣ «ኧረ ቦዩ በዚያ በኩል ነው! ተሳስታችኋል፣ ወንድሞቼ!» ትላለች። ከበበው ሁለት ዓመት የቆፈረውን እስከ ምሳ ሰዓት ደፍነው ሄዱ። ከሱቄ መስኮት ሆኜ አየሁት፤ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ምንታምር ጀሪካን ይዛ ከሕዝብ ቧንቧ የምትሰለፍ ሆነች። ተሰልፋ የምታገኘው ለሻዩም አይበቃም፣ እንኳን ለእጅ መታጠቢያ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። እኔ ስኳር ስመዝንላት አብዝቼ እጨምራለሁ፤ እሷም ደግነት መስሏት ትመርቀኛለች። ያ ምርቃት እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል።

በዓመቱ እንደገና ልታመለክት ብትሄድ ፋይልሽ ተዘግቷል ብለው የወረቀቱን ግልባጭ ሰጧት። ጆይስ የምትባለው አስተማሪ አነበበችላት። ስኳር እየመዘንኩላት ሳለ ወረቀቱን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሄ ያንተ ፊርማ ነው?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ስትፈርም አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ እንዴት በቀለለኝ። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችና፣

«እኔኮ አንተን ይዤ የሄድኩት ማንበብ ስለማልችል ነው» አለች።

ስኳሩን ሳትወስድ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ የምትገዛው ማዶ ካለችው ከሃዋ ሱቅ ነው።