የሁዳዴ ኪኒን

በደርግ ጊዜ ወረታ ተመድቤ በፎገራ ሜዳ ከብት እከትብ ነበር። ፀሐዩ በጠና ቁጥር ምች ይመታኝና ከንፈሬ ውሃ ቋጥሮ ይፈነዳል። ዳማከሴ ብቀባም ወር ሳይሞላው ይመለሳል። ውጭ አገር የሚማረው ወንድሜ ላይሲን የሚባል ኪኒን ላከልኝ። ዝም ብዬ አልዋጥኩትም፤ መጀመሪያ የክሊኒኩን ድሬሰር ጠየቅሁ።

«ኩላሊትህን ያምሃል?» አለኝ።

«አያመኝም።»

«እንግዲያው በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ምቹን ያስታግስልህ ይሆናል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም።»

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምሳዬን በልቼ ኪኒኔን ስውጥ የንስሐ አባቴ ቄስ ጥሩነህ ደረሱ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! «ሥጋና ወተት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው» ብያቸው አረፍኩ።

«በሁዳዴ?!»

«አባ፣ ባቄላ ውስጥም አለ እኮ!»

«እንግዲያ ባቄላህን ብላ!»

ድሬሰሩ ያለኝን አንድ በአንድ ብነግራቸውም ወይ ፍንክች! «እስከ ፋሲካ እኔ ዘንድ ይቆያል» ብለው ብልቃጡን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ከንፈሬ እንደገና ፈነዳ። የፋሲካን ዶሮ ወጥ እያቃጠለኝ ስበላ ቄስ ጥሩነህ ብልቃጡን ይዘው መጡ። ተቀብዬ ነቀነቅሁት፤ ባዶ ነው።

«አባ፣ ኪኒኑ የት ገባ?»

«ላሜ አፏ ቆስሎባት ነበር፤ እሷ እንደሁ አትጾም» አሉኝ ረጋ ብለው። «እንዳልከኝ ነው የሰጠኋት፤ በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ኩላሊቷን አሟት አያውቅም።»